የአቶ ዘለቀን ወፍጮ ዝም ያሰኘን ሰሞን

ባለፈው ሰሞን ከማዘጋጃ ቤት የመጣ አንድ ወጣት በረንዳችን ላይ ቆሞ፣ የእጅ ስልክ የምታህል ነገር ይዞ፣ ወደ ታች ወደ ብረት ቤቱ ሲያነጣጥር አረፈደ። እንጅባራ ውስጥ የምኖርባት የልጄ ቤት ፎቅ ናት፤ ከሥሯ በርና መስኮት የሚበይዱ ልጆች ተከራይተዋል። የብረት መቁረጫቸውን ያስነሱ እንደሆነ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ጩኸት ነው የሚወጣው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አመለከተና ማዘጋጃ ቤቱ ድምፁን የሚለካ ሰው ላከ። ድምፅ እንደ ጤፍ እንደሚለካ ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው።

ልጁ ጨዋ ነው። ወንበር ባቀርብለት እንኳ አልቀመጥም አለ። "እማማ፣ እርስዎን በጣም ይረብሽዎታል?" ሲል ጠየቀኝ፤ ለአሮጊት እንደሚታዘነው እያዘነልኝ። ሳቄ መጣ። በልጅነቴ ግማሽ ዳንግላን አስነስቼ አንድ ወፍጮ ዝም ያሰኘሁ ሴት መሆኔን ከየት ይወቅ? "ተቀመጥና ልንገርህ" ስለው ሥራ አለብኝ አለ። የዛሬ ልጆች ሥራ አይጠፋቸውም። ለእሱ ያልነገርኩትን እነሆ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ደብረ ማርቆስ ላይ በስልከኛነት ተቀጠርኩና ጥቂት ሠልጥኜ ዳንግላ ተመደብኩ። እናቴ "ዘመድ የሌለሽ አገር" ብላ ስታለቅስ እኔ ጫማዬን እወለውል ነበር። ጊዜው የክረምት መውጫ ነው። በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ስመጣ መንገዱን ዝናብ ቦጫጭቆት መኪናው ሲያነጥረን ዋለ። ያኔ ኮሶበር የምንላት እንጅባራ ስንደርስ ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ከፊታችን የሚሄዱት ፈረሰኞች የሚታዩን ከወገባቸው በላይ ብቻ ነበር። ሾፌሩ መኪናውን አቆመና መንገድ ዳር ከሚሸጡ ሴቶች ትኩስ የድንች ቅቅል ገዛልኝ። ጣቴ እየተቃጠለ ልጣጩን እየላጥኩ፣ በሚጥሚጣ እያጠቀስኩ የበላሁት ድንች ጣዕሙ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። ሥራ ያላት ሴት ሆኛለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ዳንግላ ላይ አንድ ባለጋሪ ሳጥኔን ጭኖ ስልክ ቤቱ በር ላይ አወረደኝ። ስልክ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በባንኮኒ ተከፍሎ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የባለጉዳይ መጠበቂያ። ሥራዬ እንዲህ ነበር፤ ከእንጨት በተሠራ ሰሌዳ ፊት ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ እጀታ እያዞርኩ ደብረ ማርቆስን እጠራለሁ። ደብረ ማርቆስ ያለችው ባልደረባዬ ደግሞ አዲስ አበባን ትጠራልኛለች። መስመሩ ሲገኝ ገመዱን ከቀዳዳው ሰክቼ ሰዎቹን አገናኛለሁ። የሰው ድምፅ ያንን ሁሉ ተራራና ገደል ተሻግሮ እኔ ጆሮ ላይ ሲደርስ መስማት በየቀኑ አዲስ ይሆንብኝ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ግን በቅጡ አልሰማም ነበር። ከስልክ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ የአቶ ዘለቀ ወፍጮ ቤት ነበር። የናፍጣ ሞተሩ ገና በማለዳ ይነሳና የእኔን ሰሌዳ፣ ወንበሬን፣ የሻይ ብርጭቆዬን ሳይቀር ሲያንቀጠቅጥ ይውላል። ይህም ሳያንስ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ቀዳዳ የተበጀለት የቆርቆሮ ጣሳ ተገጥሞለታል። ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር ጣሳው ያፏጫል። ባለጉዳዮቼ መነጋገሪያውን ጨብጠው የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ይጮኻሉ፤ ከወዲያ ያለው ሰው ደግሞ "ምን አልክ?" እያለ ይጮኻል። የባልና የሚስት ምስጢር አደባባይ ወጣ። እኔም ከመድረሴ ድምፄ ተዘጋ።

ጣሳውን ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ጥቅሙን ግን በደንብ አውቃለሁ። በዙሪያው ያለው ገበሬ ዳጉሳውንና ጤፉን አህያ ላይ ከመጫኑ በፊት ደጁ ወጥቶ ያዳምጣል። ፉጨቱ ከተሰማ ወፍጮው ይሠራል ማለት ነው፤ ይጫናል። ካልተሰማ ቤቱ ይቀመጣል። በጉምና በዝናብ አገር ዓይን የማይደርስበት ቦታ ጆሮ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ አቶ ዘለቀን ጣሳውን አንሳ ማለት ሱቅህን ዝጋ እንደ ማለት ነበር። ይህን ሁሉ ሰዎች ቢያስረዱኝም አልተዋጠልኝም። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የሚዋጥልኝ ነገር ጥቂት ነበር።

አቶ ዘለቀ ደልደል ያለ፣ ቅንድቡና ጢሙ ሁልጊዜ በዱቄት የነጣ፣ ሲስቅ ሆዱን የሚይዝ ሰው ነበር። ሲናገር ይጮኻል። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንኳ ሰላምታ ሲሰጥ ቄሱ ይገላምጡታል። በወፍጮ ቤት ያደገ አንደበት ነው እያልን እንስቅ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ያለው ልጅ ታደለ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ፍለጋ ድሬዳዋ ወርዶ ባቡር የሚጠገንበት ቦታ ተቀጥሮ ቀርቷል። አቶ ዘለቀ ደብዳቤ ሲመጣለት የሚያነብለት ሰው አያጣም፤ ግን "ደብዳቤስ የአንባቢው ድምፅ ነው፤ እኔ የልጄን ድምፅ ነው የናፈቅሁ" ይላል።

አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። ታደለ በሚደውልበት ቀን አቶ ዘለቀ ሞተሩን አጠፋና እኔ ዘንድ መጥቶ ተቀመጠ። መስመሩ አልመጣም። ያኔ ጥሪ ተይዞ ጠዋት ሊመጣ ይችላል፣ ማታም ሊመጣ ይችላል። እህላቸውን አራግፈው የሚጠብቁት ሴቶች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ቆይተው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። አንዷ "አያ ዘለቀ፣ ልጆቼ ሳይበሉ ሊያድሩ ነው" ስትለው አንጀቱ አልቻለም፤ ሄዶ ሞተሩን አስነሳ። ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ መሽከርከር እንደጀመረ የእኔ ደወል ጮኸ። እየሮጠ መጣ፤ መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ታደለ! ታደለ!" አለ። እኔም ማዳመጫዬ ውስጥ ከሞተሩ በቀር የሰማሁት የለም። ጊዜው አለቀና ተቋረጠ። አቶ ዘለቀ መነጋገሪያውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና በዱቄታም እጁ ዓይኑን ጠረገ፤ ፊቱ ሊጥ ሆነ።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሞተሩን ለናፍጣ መጨመሪያ ያቆመበትን ሰዓት ጠብቄ "ጋሼ ዘለቀ፣ ይህን ሞተር ዝም ያሰኙልኝና እኔ ታደለን አሰማዎታለሁ" አልኩት።

"ምን?" አለ።

ጮኼ ደገምኩለት።

"ዝም ካለማ ምኑን ሞተር ሆነ ልጄ?" ብሎ ሳቀ።

"እየሠራ ዝም ይበል ነው የምለው።"

ሳቁን አቆመ። ምን እንዳልኩ እኔም በደንብ አላውቅም፤ አፌ እንደመራኝ ነው የተናገርኩት። እሱ ግን ወደ ሞተሩ፣ ወደ ግድግዳዬ፣ ወደ ጭስ ማውጫው አየ። "የልጄን ድምፅ ካሰማሽኝ ለሞተሩ ቀሚስም ቢሆን አሰፋለታለሁ" አለኝ።

ቀሚሱን የሰፉት አያ ፈንታ ናቸው። የእንጅባራ ሰው ናቸው፤ ቀርከሃ ሰንጥቀው አጥርም፣ አልጋም፣ የእህል ማስቀመጫም የሚሠሩ ሽማግሌ። በገበያ ቀን ምንጣፋቸውን ሊሸጡ ሲመጡ አቶ ዘለቀ እጃቸውን ጎትቶ አስገባቸው። ሁለቱ በአገውኛ ሲከራከሩ ቆዩ፤ እኔ አንድም ቃል ሳይገባኝ የሁለቱንም ፊት ተራ በተራ አያለሁ። በመጨረሻ አያ ፈንታ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ "ንብ እንኳ በቀፎው ውስጥ ሆኖ ሲጮህ ከውጭ የሚሰማው ጥቂት ነው። ቀፎው ወፍራም ነዋ። ለዚህም ቀፎ እንሥራለት" አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይሞቃል። ከኮሶበር በኩል በጋሪ በጋሪ ቀርከሃ መጣ። አያ ፈንታ በሞተሩና በእኔ ግድግዳ መካከል ሁለት የቀርከሃ ግድግዳ ጎን ለጎን አቆሙ፤ ዙሪያውንም እንዲሁ አጠሩት። በሁለቱ መሐል የጤፍ ጭድ ጠቀጠቅን። ከላይ በጭቃ መረግነው። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ ተራው እስኪደርስ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ወንዱ ጭቃ ይረግጣል፣ ሴቷ ጭድ ታቀብላለች። አቶ ዘለቀ ከዳጉሳ የተጠመቀ ጠላ በእንስራ አቀረበ፤ አንድ ሰው የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዞ ይዞራል። እኔም የስልክ ቤቱን በር ከፍቼ፣ አንድ ጆሮዬን ለደወሉ ትቼ፣ ቀሚሴን ወደ ላይ ሸብ አድርጌ ጭድ እጠቀጥቃለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ጭቃ ስትረግጥ ያየ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ቆሞ ያየ ሁሉ ደግሞ ሥራ ይሰጠዋል።

የቀረው የጭስ ማውጫው ነበር። እሱን ወደ ላይ ከማቆም ጣሳውን አውልቀን፣ ወደ ታች ቆልምመን ጉድጓድ ውስጥ እንቅበረው የሚል ሐሳብ መጣ። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ በኋላ ሲሳካ የሁሉም ሆነ። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ቧንቧው ገባ፣ አፈር ተመለሰበት፣ በደንብም ተረገጠ። አቶ ዘለቀ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ አንድ ሁለቴ አነጠሰና ጭሱ መውጫ አጥቶ ወደ ቤት ተመለሰ። ውስጥ የነበሩት እየተሳሳቡ ሲወጡ ማየት ነበር፤ በዱቄት የነጣው ሁሉ በጥቀርሻ ጠቁሮ እናት ልጇን መለየት አቃታት። ከአቶ ዘለቀ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነበር። አያ ፈንታ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "መተንፈሻ የሌለው ፍጥረት አለ ወይ?" ይላሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ።

አፈሩ ወጣ። በምትኩ ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ተሞላበት፤ ከሥር ትልልቁ፣ ከላይ ትንንሹ፣ ጭሱም ድንጋዩን ዞሮ ዞሮ በወዲያ በኩል ቀስ ብሎ እንዲወጣ ቀዳዳ ተተወለት። እንደገና ሞተሩ ተነሳ። እኔ ሰሌዳዬ ፊት ነበርኩ። ብርጭቆዬን አየሁ፤ ሻዩ አልተንቀጠቀጠም። ከግድግዳው ማዶ የሚሰማው ድመት ስታንኮራፋ የሚያህል ነው። እጀታውን አዞርኩና ደብረ ማርቆስን ጠራሁ።

"ዳንግላ ነሽ?" አለች ባልደረባዬ። "ምነው ዛሬ ወፍጮው ተበላሸ?"

"እየፈጨ ነው" አልኳት። "ገንፎ የሚሆን ዱቄት ልላክልሽ?"

ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ እጄን አጨበጨብኩ። ውጭ የቆመው ሁሉ አብሮኝ አጨበጨበ፤ እልል ያሉም ነበሩ። አቶ ዘለቀ ቅብጥብጥ ልጅ ይመስል ከወፍጮ ቤት ወደ ስልክ ቤት፣ ከስልክ ቤት ወደ ወፍጮ ቤት እየተመላለሰ ግድግዳውን በመዳፉ ይመታል። "አሁን ታደለን ጥሪ" አለኝ። እኔም ለድሬዳዋ ጥሪ እንዲያዝልኝ አስመዘገብኩና ቀኑን ስንጠብቅ የገበያ ቀን ደረሰ።

በዚያ ገበያ ቀን የሆነውን ግን ማንም አላሰበውም። ማለዳ ቢሮዬን ስከፍት የወፍጮ ቤቱ ደጅ ባዶ ነው። አንድ አህያ የለም፣ አንድ ከረጢት የለም። ሞተሩ በቀፎው ውስጥ ሆኖ ባዶውን ይሽከረከራል። ፀሐይ ከፍ እስክትል ሰው ጠፋ። ቆይቶ ከከተማው ዳር ሰዎች ብቅ አሉ፤ ፈረሰኞቹ ወርደው ፈረሳቸውን በልጓም ይስባሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በራሳቸው ላይ መሶብና እንስራ ተሸክመው ይከተላሉ። ከሩቅ ጀምረው ያለቅሳሉ።

ለካ የአቶ ዘለቀ ወፍጮ በገበያ ቀን ዝም ብሎ የሚያውቀው ሚስቱ በሞተች ጊዜ ብቻ ነበር። ፉጨቱ ቢጠፋባቸው ጊዜ ገበሬዎቹ በየደጃቸው ቆመው አዳመጡ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠየቀ፤ በቃ፣ ዘለቀ ሞቷል ተባለ። ቅርብ ያለው ለሩቁ አረዳ። ንፍሮው ተቀቀለ፣ ዳቦው ተጋገረ፣ እዝኑን ተሸክሞ አገር ተነሳ።

በሩ ላይ ሲደርሱ አንዲት ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት "ወየው ዘለቀ፣ ዱቄት የለበስከው፣ ድሃ የማታስጠብቀው" እያለች ሙሾ አወረደች። ወንዶቹ ደረታቸውን ደቁ። እኔ አፌን በእጄ ይዤ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አቶ ዘለቀ ውስጥ ነበር፤ ያን ሁሉ ለቅሶ አልሰማም። ገበያተኛ መጥቶ እንደሆነ ብሎ ብቅ ሲል አገሩ ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ማንም ሰው እንዲያ ቢያይ እንደሚደነግጠው ደነገጠ፤ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ አዘቀዘቀና እሱም ማልቀስ ጀመረ።

"ማን ነው የሞተው? ኧረ ማን ነው?" ይላል እያለቀሰ።

ሙሾዋ ተቋረጠ። ያቺ ሴት አየችው። "አንተ ነህ እንጂ!" አለችና ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሳቅ ለዳንግላ ሰው ለብዙ ጊዜ ስንቅ ሆነ። ንፍሮውና ዳቦው እዚያው ደጁ ላይ ተበላ፤ አቶ ዘለቀም የራሱን እዝን እፍኝ እፍኝ እያደረገ ቃመ። ሲጨርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። መሶቡን የያዘ ሁሉ የመጣው ሊያለቅስ እንጂ ሊያስፈጭ አይደለም። "ልጄ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? ጣሳውን ካልመለስኩ በየሳምንቱ መሞቴ ነው" አለኝ።

ነገሩ በጭቅጭቅ ሊሄድ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ጉድጓዱን ከሚነካ ሁሉ ጋር ለመጣላት ዝግጁ ነበርኩ። መላውን ያመጡት እነዚያው ለቅሶ ደራሾች ናቸው። "እኛ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ምን ይሠራልናል? መኖርህን አንዴ አሰማንና ከዚያ ዝም በል" አሉት። እውነትም ቧንቧው መጋጠሚያ ተበጀለት፤ ገና በማለዳ፣ ስልክ ቤት ሳይከፈት፣ ጣሳው ወደ ላይ ይቆምና እስኪበቃው ያፏጫል። አገር ይሰማል፤ አህያ ይጫናል። እኔ በሬን ስከፍት ቧንቧው ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ይህ ሥርዓት እኔ ከዳንግላ እስክዛወር አልፈረሰም።

የታደለ ጥሪ የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሰው ሁሉ ፊቱ ፈክቶ ነበር። አቶ ዘለቀ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጢሙን ታጥቦ መጣ፤ ያለ ዱቄት ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ። ወፍጮውን ለረዳቱ ትቶታል፤ ሞተሩም እየሠራ ነው። አያ ፈንታ መጠበቂያው ላይ ተቀምጠዋል። ጭቃ የረገጠ፣ ድንጋይ ያመላለሰ ሁሉ መጥቶ በሩንም መስኮቱንም ሞልቶታል። ልቤ ይመታል፤ የራሴ እጮኛ የሚደውልልኝ ይመስል።

ደወሉ ጮኸ። ገመዱን ሰካሁ። ከድሬዳዋ የመጣው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ከጀርባው የብረት ኳኳታ አለ፣ ታደለም በዚያ ላይ ለመሰማት ይጮኻል። ለአቶ ዘለቀ መነጋገሪያውን ሰጠሁትና ማዳመጫዬን እንደደፋሁ ቆየሁ።

"አባባ፣ እንደምን ነዎት? ደኅና ነዎት?" አለ ታደለ።

"ታደለ!" አለ አቶ ዘለቀ። ፊቱ በራ። ውጭ ያሉት ጉርምርም አሉ።

"አባባ፣ ልጅ ተወለደልኝ። ወንድ ነው።"

"እሺ ልጄ፣ እሺ፣ በርታ" አለ አቶ ዘለቀ።

"አባባ፣ ሰሙኝ? ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ስሙን እርስዎ እንዲያወጡለት ነው የደወልኩት።"

"እሺ ይሁን፣ እግዚአብሔር ይርዳህ። እኔ ደኅና ነኝ።"

"አባባ?" አለ ታደለ ከወዲያ። እኔም ደነገጥኩ። አቶ ዘለቀን ቀና ብዬ አየሁት። ፈገግታው አለ፤ ዓይኖቹ ግን እኔ ላይ ናቸው፣ ይለምኑኛል። ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ ጩኸት የአንደበት ልማድ አልነበረም። "ምን?" የሚለው፣ ለቅሶውን ያልሰማው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጮኸው፤ ሁሉም አንድ ነገር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ሞተር አጠገብ ቆሞ የኖረ ሰው ነው። እኛ ቀርከሃ ስንሰነጥቅ፣ ጭድ ስንጠቀጥቅ፣ እሱ የሚሰማበት ጆሮ ድሮ ሄዷል። ምናልባት እሱ ራሱ ያንን ያወቀው በዚያች ደቂቃ ነው። ይህን ሁሉ ሰው አድክሞ አልሰማሁም ለማለት አፈረ።

ከወንበሬ ተነስቼ በባንኮኒው ላይ ተንጠላጠልኩና አፌን ጆሮው ሥር አደረግሁ። ለውጭው ሰው በመነጋገሪያው የራሴን ሰላምታ የምጨምር አስመስዬ፣ ግን ባለኝ ድምፅ ሁሉ "ጋሼ፣ ታደለ ወንድ ልጅ ወልዷል። ስም ያውጡለት" አልኩት።

አቶ ዘለቀ መነጋገሪያውን በሁለት እጁ ያዘ። ስም እስኪያወጣ መስመሩ ይቋረጣል ብዬ ሞትኩ።

"አለልኝ በለው" አለ።

"አለልኝ" አለ ታደለ በወዲያ። ድምፁ ውስጥ ሳቅም እንባም ነበረበት። የቀረውን ሁሉ እንዲሁ ጨረስነው፤ ታደለ ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ለአባትየው ጆሮ እጮኻለሁ፣ አባትየው ለልጁ ይመልሳል። ውጭ ያሉት የእኔን ጩኸት ለደስታዬ ቆጠሩት፤ ደስታም ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ አቶ ዘለቀ በሩ ላይ ወጣና "አጠገቤ የቆመ ያህል ነው የሰማሁት፤ የልጅ ልጅ አለኝ" አላቸው። እልልታው ስልክ ቤቱን አናወጠው። ያን ቀን ሰሌዳዬ የተንቀጠቀጠው በሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመት በዓሉ ታደለ ይደውላል፤ እኔም ከባንኮኒው ላይ ተንጠልጥዬ እጮኻለሁ። ስለ ነገሩ አንድ ቀን እንኳ አላወራንም። ወደ ባሕር ዳር ስዛወር አቶ ዘለቀ መኪናው ድረስ ሸኘኝና "የሚቀጥለው ስልከኛ ያንቺ ዓይነት ጉሮሮ ይኑረው" አለኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ያኔ በማልቀስ አላፍርም ነበር።

ስንት ጊዜ ለሰው አውርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም የማወራው ስለ ለቅሶው ነው፣ ሰው ይስቅልኛል። በዚያ በረንዳ ላይ ግን ሌላው ነገር ነው የመጣብኝ። እኛ የሞተሩን ድምፅ አላጠፋነውም። ከእኔ፣ ከባለጉዳዮቼ፣ ከመንደሩ ከለከልነው እንጂ፣ ወፍራም ግድግዳ ሠርተን እዚያው ከአቶ ዘለቀ ጋር ዘጋንበት። ቀፎው ከውጭ ዝም ባለ መጠን ከውስጥ ይብስ እንደነበር ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበርና።

የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ ሲጨርስ፣ ማሽኑ ሲጠፋ ሰፈሩ ምን ያህል ጸጥታ እንዳለው ደግሞ መለካት አለብኝ ብሎ ብረት ቤቱን አስቆመ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ደረጃውን እየተደገፍኩ ወረድኩ። ባንቴ የሚባለው ልጅ፣ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካኔን የሚያወጣልኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ብረት ይለካል።

"ባንቴ" አልኩት።

አልዞረም። ጠጋ ብዬ ደገምኩለት፤ አሁንም አልዞረም። ትከሻውን ነካሁት።

"እማማ! መቼ መጡ?" አለ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ባለ በሌለ ድምፁ እየጮኸ።

ተመልሼ መለኪያውን የያዘውን ልጅ እጁን ያዝኩና "ከዚህም ለካልኝ" ብዬ ወደ ብረት ቤቱ ውስጥ አስገባሁት።